ቤዱ ሲናወጥ መጀመሪያ ዱቄቱን እዩ

ተርቡለንት ፍሉዳይዝድ ቤድ ማለት ሪአክተር ውስጥ ከሥሩ በሚነፋ ፈጣን ጋዝ የሚናጥ የዱቄት ክምር ነው። ጤነኛ ሲሆን የግፊት መስመሩ ያስታውቃል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ጥቅጥቅ ያለ፣ ፈጣንና ትንንሽ ንዝረት ነው። ትልልቆቹ የጋዝ አረፋዎች ተሰባብረዋል፤ ጋዙና ዱቄቱ እየተገላበጡ ይደባለቃሉ። ችግር ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጋዝ ቫልቩ ነው። እባካችሁ ቆም በሉ።

ግፊቱ ቀስ እያለ በኃይል ይወጣል ይወርዳል፣ ሪአክተሩም ይናወጣል

ቤዱ ወደ ትልልቅ አረፋ ተመልሷል ማለት ነው። የጋዙን ፍጥነት ከታች ጀምረን ስንጨምር የግፊቱ መዋዠቅ ያድጋል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ዬሩሻልሚና ካንከርት እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ተርቡለንት የሚደረገው ሽግግር መጀመሪያ አድርገው የወሰዱት ይህንን ጫፍ ነው። ስለዚህ የጋዙ ፍሰት ቀንሶ ከሆነ መፍትሄው ቀላል ነው፤ ቀስ በቀስ መልሱት።

ፍሰቱ ሳይቀየር ከመጣ ግን እኔ ዱቄቱን ነው የምጠረጥረው። ከ45 ማይክሮን በታች ያለው ደቃቅ ሲያልቅ አረፋዎቹ ይተልቃሉ፣ የመሸጋገሪያው ፍጥነትም ከፍ ይላል። የትናንቱ ጋዝ ለዛሬው ዱቄት አይበቃም።

ቤተ ሙከራ እስኪመልስላችሁ አትጠብቁ። ከቤዱ ናሙና አውጡ፣ ሲቀዘቅዝ መስታወት ቱቦ ውስጥ ጨምሩትና ከሥሩ አየር ንፉበት። ከዚያ አየሩን ድንገት ዝጉት። ደቃቅ ያለው ዱቄት አየሩን ይዞ ይቆያል፤ ከፍታው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ደቃቁ ያለቀበት ወዲያው ዝርግፍ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን አይረሳውም።

መፍትሄው ደቃቅ መጨመር ነው። ግን የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሳትደፍኑ መጨመር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ቀዳዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይክሎኑ ጋ ነው፤ ከሚወጣው ጋዝ ዱቄቱን አሽከርክሮ የሚለየው ዕቃ ጋ።

ሳይክሎኑ ዱቄት ይተፋል

የተለየውን ዱቄት ወደ ቤዱ የሚያወርደውን የመመለሻ ቧንቧ እዩ። ጫፉ ቤዱ ውስጥ ካልተቀበረ፣ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ፣ ጋዝ ከታች ወደ ላይ ይገባና የወረደውን ዱቄት መልሶ ያነሳዋል። የቤዱን ከፍታ ከግፊት ልዩነት አስሉት፦ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሜትር 400 ኪሎ ግራም ከሆነ እያንዳንዱ ሜትር ወደ 3.9 ኪሎ ፓስካል ይሰጣል። ከፍታው ወርዶ ከሆነ ዱቄት ሙሉ። ከፍታው ደህና ሆኖ በሙቅ ሪአክተር ውስጥ ቧንቧው ከቀዘቀዘ ዱቄት አይወርድበትም፣ ተደፍኗል። ጋዙን በጣም መቀነስም አይጠቅምም፤ ሳይክሎን የሚለየው በፍጥነት ነውና።

ምርቱ ቀነሰ፣ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል

ዱቄቱ በመሃል ይወጣል፣ በግድግዳው ይወርዳል፤ ሲወርድም ጋዝ ይዞ ይመለሳል። ይህ ተፈጥሮው ነው። ልዩነቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን የጋዝ ማከፋፈያው ቀዳዳዎች ተደፍነዋል። የማከፋፈያውን የግፊት ልዩነት በዚያው ፍሰት ከድሮው ጋር አወዳድሩ፤ ከጨመረ አቁማችሁ አጽዱ።

የግፊት መስመሩ ቀጥ ብሎ ቀረ

ቤዱ ተረጋጋ ማለት አይደለም። የመለኪያው ቀዳዳ በዱቄት ተደፍኗል፤ በማጽጃ ጋዝ ንፉት።