ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር፦ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነበር
መኪናዬ ስትሞቅ መንገድ ላይ ትጠፋለች፤ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ዲያግኖስቲክ ማሽኑ ፒ0606 አወጣ፤ ሞተሩን የሚቆጣጠረው የመኪናው ኮምፒውተር የፕሮሰሰር ችግር ማለት ነው። ግን በኮድ ብቻ ኮምፒውተር አይቀየርም! ፊውዙን፣ ሪሌውንና ማሳውን (የኔጌቲቭ መስመሩን) ለካሁ፤ ሁሉም ደህና ነው። ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ግን ለሴንሰሮቹ የሚላከው 5 ቮልት ከራሱ ከኮምፒውተሩ ፒን ላይ የለም። ሾርት ያደረገ ሴንሰር ሊያጠፋው ስለሚችል ሶኬቶቹን በየተራ ነቀልኩ፤ አልተመለሰም። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ውሃ ገብቶበት ፒኖቹ ሥር አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሱማሌ ተራ፣ የዕቃ ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ፊደል የሚገጥም ያገለገለ ኮምፒውተር ተገኘ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ ቀየርኩት። የተተካው ኮምፒውተር ቁልፉን ካላወቀ ሞተሩ አይነሳም፤ ኢሞቢላይዘር (ቁልፉን የሚለየውን የስርቆት መከላከያ) ፕሮግራም የሚያደርግ ባለሙያ አስቀድማችሁ ያዙ። ውሃው የገባው በፊት መስታወቱ ጎማ በኩል ስለነበር እሱንም አሳሸግኩት።