«ያልከኝ ዋጋ ይሄ አይደለም» ሲሏችሁ፦ የኦንላይን ሽያጭ የዋጋ መምታታትና መፍትሄው

ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይቺን መልእክት ያውቃታል፦ «እንዴ፣ ያልከኝ ዋጋ ይሄ አይደለም እኮ!» ሻጩ ገዢውን አጭበርባሪ ይለዋል፣ ገዢውም ሻጩን። እኔ እንደማየው ግን አብዛኛው ጭቅጭቅ ከተንኮል የመጣ አይደለም። ቁጥሩ ብቻ ይጻፍና የምን ዋጋ እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚጨምር፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ሳይጻፍ ይቀራል። ጠቡ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ገዢው የድሮ ዋጋ ይዞ ሲመጣ

ስክሪንሾት ይልክላችኋል። 3,200 ብር ይላል። እናንተ አሁን የምትሸጡት በ4,000 ነው።

ብዙ ጊዜ ፖስቱን ያገኘው ከእናንተ ቻናል ሳይሆን አንድ ሰው የሆነ ግሩፕ ላይ ፎርዋርድ ካደረገው ነው። ቻናላችሁ ላይ ያለውን ዋጋ ኤዲት ብታደርጉት እንኳ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አብሮ አይቀየርም፣ እንደነበረ ይዞራል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የዛሬ ሁለት ወር ዋጋው ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ፖስት ስር ቀኑንና ዋጋው እስከ መቼ እንደሚቆይ ጻፉ። ያለቀውን «ተሽጧል» በሉት፣ የተቀየረውን በዕለቱ ኤዲት አድርጉ። የድሮ ዋጋ ይዞ ለመጣ ሰው ደግሞ ተቆጥታችሁ አትመልሱ፦ «ወንድሜ፣ ያዩት የጥር ዋጋ ነው፣ አሁን 4,000 ብር ገብቷል። ካልተመቸዎት ምንም ችግር የለም» ይበቃል። የራሳችሁ ቻናል ላይ አሁንም 3,200 የሚል ፖስት ከተገኘ ግን፣ እኔ ብሆን በ3,200 እሰጠዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1687 የዋጋ ዝርዝር መለጠፍን ብቻውን እንደ ውል ሐሳብ ማቅረብ አይቆጥረውም፣ ስለዚህ ላትገደዱ ትችላላችሁ። ገዢው ግን የሚያየው የጻፋችሁትን ነው፣ ደግሞም እውነቱን ነው።

ኢንቦክስ ላይ ለአንድ ሰው ለይታችሁ የሰጣችሁት ዋጋ ሌላ ነገር ነው። «እስከ ዓርብ በዚህ ዋጋ እይዝልሃለሁ» ካላችሁ በቁጥር 1690 መሠረት እስከ ዓርብ ያስራችኋል። ሐሙስ ላይ የተሻለ ገዢ መጣ ብላችሁ መመለስ አይቻልም።

«ተስማምተናል እኮ» ሲሏችሁና እናንተ ሳትስማሙ

ይሄ በጣም የሚበዛው ነው። ገዢው ሁለት ጥያቄ አከታትሎ ይልካል፣ ሻጩ አንዴ ይመልሳል፦

«ጫማው በ2,500 ይሆናል?»
«42 ቁጥርስ አለ?»
«አዎ አለ።»

ሻጩ የመለሰው ለጫማው ቁጥር ነው። ገዢው ግን ሁለቱም እንደተመለሰለት አስቦ፣ ደስ ብሎት፣ አድራሻውን ላከ። ሞተሩ በር ላይ ሲደርስ ዋጋው 2,900 ሆነ። ማን አጠፋ? ማንም።

የዋጋ ጥያቄ ሲመጣ መልእክቱን ራሱን ይዛችሁ ሪፕላይ አድርጉና በቁጥር መልሱ። «2,500 አይሆንም፣ የመጨረሻው 2,900 ብር ነው» በሉ። «እናያለን»፣ «እንነጋገራለን»፣ «እሺ» እና አውራ ጣት ብቻ መላክ ይቅር። ገዢው «በ2,700 ከሆነ እወስዳለሁ» ካለም ያቀረባችሁትን ዋጋ ተቀበለ ማለት አይደለም፣ አዲስ ዋጋ አቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ እናንተ መልስ እስክትሰጡ ድረስ ዕቃው አይሸጥም፣ ሞተርም አይነሳም። ዋጋን በቮይስ አትላኩ፣ ከላካችሁም ቁጥሩን ከስሩ ጻፉት። «በ18 ውሰደው» ማለትም ስልክና ጫማ አብሮ በሚሸጥ ቤት አደገኛ ነው፣ 1,800 ይሁን 18,000 በምን ይታወቃል?

ስምምነት ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሁሉንም በአንድ መልእክት ጠቅልላችሁ ላኩ፦ «ጥቁር ጫማ፣ 42 ቁጥር፣ አንድ ጥንድ፣ 2,900 ብር። ዴሊቨሪ እስከ ሳሪስ 200 ብር። ጠቅላላ 3,100። ትክክል ከሆነ 'አዎ' ይበሉኝ።» ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡት፣ ቴሌግራም ላይ ማንም ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላል።

በር ላይ ሲደርስ ዋጋው ሲጣላ

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዴሊቨሪ ነው፣ ወይም መለኪያ። መጋረጃውን በሜትር ብላችሁ ገዢው ለሙሉ መስኮት መስሎት ይሆናል። ፖስቱ ላይ «በሜትር»፣ «በጥንድ»፣ «በደርዘን» የሚለው ከቁጥሩ ጋር ተያይዞ ይጻፍ። ለሞተረኛው የምትነግሩት ደግሞ ጠቅላላውን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ድርድር እንዳይገባም አስጠንቅቁት። ፀሐይ ላይ ቆሞ በ300 ብር መከራከር የእሱ ሥራ አይደለም።

አንዱ 5,000፣ ሌላው 4,500 ሲል

እህትና ወንድም ወይም ባልና ሚስት በአንድ አካውንት ሲሠሩ የሚመጣ ነው። ጠዋት አንዷ ቀንሳ ትሰጣለች፣ ከሰዓት ሌላው ሳያውቅ ሙሉውን ይጠራል። ከሥሩ የማትወርዱበትን የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ጻፉና ሁለታችሁም እዩት። አንድን ደንበኛ የጀመረው ሰው ይጨርሰው። ቅናሹ አንዴ ከወጣ ግን የሰጠው ማንም ይሁን ማን የቤቱ ቃል ነው፣ «እሷ አታውቅም» አይባልም።

አንድ ዕቃ፣ ሁለት ገዢ

አንዱ በ20,000 ተስማምቶ «ነገ እወስዳለሁ» አለ። ማታ ሌላው 22,000 ሰጠ። ቀብድ ካልተቀበላችሁ ለመጀመሪያው ደውሉና እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቁት ቁርጡን ንገሩት፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስም ለሁለተኛው አትሽጡ። ቀብድ ከተቀበላችሁ ነገሩ ይከብዳል፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢው ቢቀር ቀብዱን ያጣል፣ እናንተ ብታፈርሱ ግን እጥፉን ትመልሳላችሁ። 3,000 ከተቀበላችሁ 6,000 ነው፣ ከሁለተኛው ገዢ የምታገኙት 2,000 ጭማሪ አይሸፍነውም። ቀብዱን ስትቀበሉ የዕቃውን ስም፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ ቀሪውንና የመውሰጃውን ቀን ጻፉለት፣ ብሩ መግባቱንም እሱ በላከው ስክሪንሾት ሳይሆን በራሳችሁ ቴሌብር ወይም ባንክ አካውንት ላይ አረጋግጡ።