ዓሣው ላይ ነጭ ነገር ወጣ፦ ችግርና መፍትሄ ለጨው ውሃ አኳሪየም

ዱባይ ውስጥ በየሰው ቤት እየዞርኩ አኳሪየም እንከባከባለሁ። ደንበኛ ሲደውል አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ «ዓሣዬ ላይ ነጭ ነገር ወጣበት።» ሙቀቱን፣ ጨዉንና አሞኒያውን ለክታችኋል ብዬ ልነሳ። ያንን ሳትለኩ መድኃኒት አትግዙ።

መጀመሪያ ነጩን ነገር ለዩት።

ክንፉ ላይ ሸካራ ነጭ እባጭ ካለ ሊምፎሲስቲስ ነው። ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። በደንብ መግቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቀዋል።

ክላውንፊሽ ቆዳው እየተላጠ ልጋግ ከለበሰ ብሩክሊኔላ የሚባለው ተውሳክ ነው። ኮፐር (የመዳብ መድኃኒት) አይነካውም፤ የሚያድነው ፎርማሊን በሚባለው መርዛማ ኬሚካል የሚዘጋጅ መታጠቢያ ነው። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የአየር ፓምፑም በኃይል ይሥራ።

ዓይኑ ደፍርሶ ገላውን የሚያሻሽ ከሆነ ቆዳ ላይ የሚጣበቀውን ጠፍጣፋ ትል ጠርጥሩ። ሙቀቱና ፒኤቹ (የአሲድነት መጠኑ) ከታንኩ ጋር በተስተካከለ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆዩት። ትል ካለ ነጭ ሆኖ ሲረግፍ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ይህ ማረጋገጫ ነው፤ ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው።

ነጥቡ በጣም ደቃቅ ሆኖ፣ በባትሪ ከጎን ካልበራበት የማይታይ ከሆነ፣ ዓሣው ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ብርሃን ከሸሸና ፓምፑ ፊት ውሃ በሚገፋበት ከቆመ ቬልቬት የሚባለው ተውሳክ ነው። ዛሬውኑ ኮፐር ውስጥ አስገቡት። ነገ ካላችሁ ሬሳ ነው የምታወጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዓሣው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ፣ ነጥቡ የሚቆጠር ሆኖ፣ ምግቡን ግን እየበላ ከሆነ ኢክ ነው። ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ተውሳክ። ዓሣ የሚጨርሰው ባሕርይውን ያልተረዳ ሰው ነው።

ተውሳኩ ዓሣው ቆዳና ስንጥብ ውስጥ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ጠግቦ ሲጨርስ ራሱ ይወርዳል። አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ቅርፊት ይሠራና እዚያ ይራባል። በቅርፊቱ ውስጥ እያለ ምንም መድኃኒት አይደርስበትም። ኮፐር የሚገድለው ተፈልፍሎ ዓሣ ፍለጋ በውሃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቡ በአራተኛው ቀን ቢጠፋ ዓሣው ድኗል ማለት አይደለም። ተውሳኩ ሊራባ ወርዷል ማለት ነው።

አንድ ደንበኛ ፐርፕል ታንግ ነበረው፣ የኛው የቀይ ባሕር ዓሣ። ለሕክምና ሌላ ታንክ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ነጥቡ ሲጠፋ «ጠርቷል፣ ላውጣው?» ብሎ ደወለ። አይሆንም አልኩት። አላስቻለውም፣ ወደ ዋናው ታንክ መለሰው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታንኩ ውስጥ ያለው ዓሣ ሁሉ ነጥብ አወጣ። ታንጉ ስንጥቡ ተበልቶ በማግስቱ ሞተ። እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አሁንም ያናድደኛል።

መፍትሄው ይኸው ነው። የታመመውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ዓሣ አውጡ። አሸዋና ድንጋይ የሌለው ሌላ ታንክ አዘጋጁ፤ አሸዋውም ድንጋዩም ኮፐር ይመጥጣሉ። መደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ይበቃል። ባክቴሪያ የያዘ ስፖንጅ ፊልተርና ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ጨምሩ፤ ካርቦን ካለበት አውጡት። አሞኒያ በየቀኑ ለኩ። ከፍ ካለ ውሃ ቀይሩ እንጂ አሞኒያ የሚያስረውን ፈሳሽ ከኮፐር ጋር አትቀላቅሉ፤ የኮፐሩን መርዝነት ያባብሰዋል። አዲሱ ውሃም ከመግባቱ በፊት በዚያው መጠን ኮፐር ይጨመርበት።

ኮፐር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ዓይነት በ0.5 ፒፒኤም (በሊትር ሚሊግራም) አካባቢ ይሠራል፤ ሌላው ከ2 እስከ 2.5 ይፈልጋል። የጠርሙሱን መመሪያ ሳታነቡ የጓደኛችሁን ቁጥር ከወሰዳችሁ ወይ ዓሣውን ትገድላላችሁ ወይ ተውሳኩን ትመግባላችሁ። መጠኑን በሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያላችሁ አድርሱት። ከዚያ 30 ቀን ሙሉ ከዚያ በታች እንዳይወርድ። በቀለም የሚነበበው ርካሽ መለኪያ ልዩነቱን ስለማያሳይ ዲጂታሉን ግዙ።

ዋናው ታንክ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ። ኮራሉም ሽሪምፑም እዚያው ይኑሩ። ተውሳኩ ዓሣ ሲያጣ ያልቃል።

ኮፐር ዋናው ታንክ ውስጥ በፍጹም አታፍስሱ! አንድ ቤት ስደርስ ባለቤቱ አፍስሶት ሽሪምፑ በጀርባው ተገልብጦ፣ ቀንድ አውጣው ከመስታወቱ ረግፎ፣ ኮራሉ ተሸማቆ አገኘሁት። ድንጋዩም ኮፐር ስለጠጣ ሌላ ሽሪምፕ የሚገባበት አልሆነም።

ሱቅ «ኮራል አይጎዳም» እያለ የሚሸጣችሁን ጠርሙስ ተዉት። ነጥቡ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ምስጋናውን ጠርሙሱ ይወስዳል። ነጭ ሽንኩርትም ጽዳት የሚሠራው ሽሪምፕም ኢክ አያድኑም።

ኮፐር ለማይችል ዓሣ ጨዉን በውሃ ጥግግት መለኪያ ወደ 1.009 ማውረድ ይቻላል፤ ቬልቬትን ግን አይነካም። መለኪያችሁ በ35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው) ፈሳሽ የተስተካከለ ሪፍራክቶሜትር፣ ጨውን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ ይሁን። በመርፌ የሚያሳየው የፕላስቲክ ሳጥን አረፋ ሲጣበቅበት ይዋሻል።

በ76ቱ ቀናት የሕክምናውን ታንክ መረብ ዋናው ታንክ ውስጥ አትንከሩ፣ እጃችሁንም ሳትታጠቡና ሳታደርቁ አታስገቡ። አዲስ ኮራል ወይም ቀንድ አውጣ ከገባም ቀኑ ከዜሮ ይቆጠራል፤ ቅርፊቱን ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ዓሣዎቹን ስትመልሱ የመጡበትን ውሃ አብራችሁ አታፍስሱ። ዓሣው ብቻ ይግባ።