ሰይጣኑን ለደግ ልጅ ስጡት፦ የኅዳር ሚካኤል የሰፈር ድግስ አዘገጃጀት

የምኖረው አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። በሰፈራችን ኅዳር 12 ጠዋት ደጃፉና ቦዩ ይጸዳል፤ ከሰዓት ደግሞ ድንኳን ተጥሎ አብረን እንበላለን። አንድ ዓመት «ድግሱን መልአክና ሰይጣን ያስተናግዱት» ተባለና ሁለት ወጣቶች አለበስን። ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ድግሱ ተበላሸ። በዓመቱ ደግመን ሞከርነው፤ ያን ጊዜ አማረ። በሰፈራችሁ ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ ከሁለቱም ዓመት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቀኑን የመረጥነው በምክንያት ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈር ጠርጎ ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው እሱ ነው። መጥፎው አየር በጭስ ይባረራል ተብሎ ነበር። ስለዚህ በዚህ ቀን ለሰይጣኑም ሥራ አይጠፋለትም፤ የቆሻሻ ወዳጅ ይሆናል። መልአኩ ደግሞ ጠራጊዎቹን ይመራል። ልጆች ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ማን ምን ይሁን የሚለውን በደንብ አስቡበት። እኛ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሰይጣን ያደረግነው የሰፈሩን ቀልደኛ ነው። አፉ አያርፍም፣ ሰው ያስቃል፣ ከሱ የተሻለ የለም አልን። መልአክ ያደረግናት ደግሞ ዝምተኛ ልጅ ናት። መልኳ ያምራል ተብላ ነው። ቀልደኛው ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥቶ ማይኩን ያዘ። መጀመሪያ ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ የእድር መዋጮ ያልከፈለውን በስም መጥራት ጀመረ። ቀጥሎ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች ወደሚለው ሄደ። በሞንታርቦ ነው የሚናገረው፤ እታች ድልድዩ ድረስ ይሰማል። መልአኳ ማይኩን ልትቀበለው አልደፈረችም። ክንፏን ይዛ ቆማ ቀረች።

የከፋው ከዚያ በኋላ መጣ። ፊቱንና እጁን በድስት ጥላሸትና በቫዝሊን ቀብቼው ነበር። ከንግሥ የተመለሱ አንዲት እማማ ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ ከኋላ መጥቶ አቀፋቸው። ነጠላቸው ላይ አምስት ጣት ታተመ፣ ልክ ጥለቱ አጠገብ። እማማ ነጠላውን ከትከሻቸው አውርደው አዩት። በአውራ ጣታቸው ዳበስ ሲያደርጉት ጥቁሩ ተስፋፋ። «በሚካኤል ቀን?» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ተነሥተው ቤታቸው ገቡ፤ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ድንኳኑ ውስጥ ያለን ሁሉ ሰማን። ግማሹ ሰው ተከትሏቸው ወጣ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ አግዳሚ ወንበር ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። እናቱ በደረቷ ተኝታ ነው ያባበለችው።

ስለዚህ ሰይጣኑን ለደግ ሰው ስጡት። ልጆች ከልብሱ በፊት የሚያውቁትና የሚወዱት ይሁን። በሁለተኛው ዓመት የሰጠነው ልጆቹን ኳስ ለሚያለማምደው ወጣት ነው። ጭራ አንጠልጥሎ ሲመጣ ስሙን እየጠሩ ሮጡለት። መልአኩ ደግሞ ደፋርና ድምፀ ጎላ ይሁን። ድሮ ቦኖ ላይ ወረፋ ታስከብር የነበረችውን እትዬ ለመንናት። እሷ «በቃ» ካለች በቃ ነው። ማይኩ ከእጇ አይወጣም። ሰይጣኑ መናገር ሲፈልግ እሷ ትይዝለታለች፣ ሲያበዛ ትወስድበታለች። ሁለቱም ሰዉ ተሸኝቶ እስኪያልቅ ጠላ አይቀምሱም። የሚሉትንም ቀደም ብለው የእድሩ ዳኛ ፊት ይለማመዱት። የማንም ስም፣ የማንም ዕዳ፣ የማንም ትዳር አይነሣም።

ስለ መልአኩ አንድ ነገር አደራ። በዓሉ የቅዱስ ሚካኤል ቢሆንም በሱ ስም አትጥሩት። ሰይፍና ሚዛን አታስይዙት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደዚያ ተስሎ የምናየው እሱ ነውና። ሰይጣኑንም እግሩ ሥር አታስተኙ። «መልአክ» ብቻ ይባል። እኛ ይህን ሳናስብ ቀርተን ሽማግሌዎች አዝነውብን ነበር፤ ሐዘናቸውም እውነት ነው።

ወደ ልብሱ ልምጣ። ለመልአኩ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል። እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ ይሁን፤ ከረዘመ የድንኳን ገመድ ላይ ይጠልፋል። ክንፉን የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በቀጭን ሽቦ አጠናክሩት። ከጀርባ የሚታሰረው ላስቲክ እንደ ተማሪ ቦርሳ በሁለቱም ትከሻ ይለፍ፣ ያለዚያ ክንፉ ወደ አንድ ወገን ይወድቃል። በመጀመሪያው ዓመት ከሽሮ ሜዳ ባዘቶ አምጥቼ ነበር የለበጥኩት። ውበቱ ልዩ ነው። ግን ባዘቶ እሳት እንደ ነዳጅ ነው የሚቀበለው፤ ከዕጣኑ ከሰል አንዲት ፍንጣሪ ወድቃ የክንፉ ጫፍ ቡፍ አለ። በእጃችን መትተን አጠፋነው። አሁን በነጭ ጨርቅ ብቻ እለብጣለሁ። ላባውን በመርፌ ቀጥ ባለ ስፌት እሠራዋለሁ።

ለሰይጣኑ ጥላሸት አይነካካ። ጥቁር ጨርቅ፣ ከጥቁር ካልሲ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ቀንድ፣ ከወገብ የሚንጠለጠል ጭራ በቂ ነው። ታዲያ ሰይጣንነቱ በምን ይታወቅ? በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኛም ሰይጣኑን እንደዚያ አደረግነው። ሁልጊዜ በጎን ይቆማል፣ በጎን ይራመዳል። ሽማግሌዎቹ ገና ሲያዩት ገባቸው። ልጆቹ ደግሞ ፊቱን ሊያዩ እየዞሩት ይስቃሉ።

የእሳቱን ነገር ቀላል አታድርጉት። ፌስታልና ፕላስቲክ አይቃጠል፤ ጭሱ ያፍናል፣ አስም ያለበት ጎረቤት አለ። የኛ ሰፈር ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ነው የተጣበቀው። እኛ አሁን ቆሻሻውን በማዳበሪያ ሞልተን እናስወስዳለን፤ ለልማዱ ትንሽ ዕጣን ብቻ እናጨሳለን። ውሃ የሞላ ሁለት ጀሪካን አጠገቡ ይቁም። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት።

ምግቡ የጾም ይሁን። ኅዳር 12 ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል አትቸገሩም፤ ሙስሊም ጎረቤትም «ማን አረደው» ሳይል አብሮ ይበላል። እንጀራ በሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድፎ ዳቦ። ዳቦው ዘይት እንጂ ቅቤ አይንካው። ድንኳን፣ ወንበርና ሳህን ከእድር ውሰዱ። ሰዓቱ 9 ይሁን፤ ንግሥ የሄዱት ተመልሰው አረፍ ይላሉ። ሳይጨልም ጨርሱ።

ጨዋታው አጭር ነው። ሰይጣኑ በጎን ይመጣና «ቆሻሻውን እዚያው ተዉት፣ ማን ያያል?» ይላል። ልጆቹ «እኛ እናያለን!» ብለው ይጮኻሉ። «ቦዩ ውስጥ ጣሉት፣ ውሃ ይወስደዋል።» «ተመልሶ ይመጣል!» ይሉታል። መልአኳ ጠዋት ለጠረጉት ዳቦ እየቆረሰች ትሰጣለች። መጨረሻ ላይ ሰይጣኑ ራሱ መጥረጊያ ይለምናል። ከሃያ ደቂቃ አይለፍ።

ቢበላሽስ? ሞንታርቦውን ወዲያው አጥፉ፣ ልብሱን አስወልቁ፣ የፈሩትን ልጆች ቀንዱን እጃቸው ላይ አድርጋችሁ አስነኳቸው። የተቀየመ ሰው ቤት በዚያው ምሽት ሂዱ። እኛ «ይብረድላቸው» ብለን ሦስት ሳምንት ቆየን። እማማ ሲከፍቱልን መጀመሪያ ያሉት «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ነው። ቀልደኛው ጉልበታቸውን ይዞ አለቀሰ። ጥፋቱ የኔም ነበርና ነጠላውን ይዤ መጣሁ። ጥላሸትና ቅባት አንድ ላይ ሲነካ ፈጽሞ አትሹት። ዱቄት ነስንሳችሁ አሳድሩት፣ ቅባቱን ይመጥጣል። ጠዋት አራግፉትና ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ እየጫናችሁ እጠቡት። ሦስቴ አጠብኩት። የአውራ ጣቱ ምልክት ደብዘዝ ብሎ ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ነጠላ ለብሰው መጡ። ሰይጣኑ በጎን እየተራመደ መጥቶ ሳህን አቀረበላቸው፣ እጁ ንጹሕ ነበር። ምልክቷ ያለችበትን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና በሽሮ ጠቅልለው አጎረሱት። ሊሄድ ሲል ያዙት። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙት።