በሳንባ ላይ በርካታ ኖዱሎች ሲታዩ መንስኤውን የመለየት አካሄድ

ኖዱል ስፋቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ሳንባ ላይ የሚታይ ክብ መሰል ጥላ ሲሆን፣ በሁለቱም ሳንባዎች ተበትኖ ሲታይ አገራችን ቲቢ የበዛባት በመሆኗ ብዙ ሐኪም ወዲያውኑ የቲቢ መድኃኒት ማስጀመር ይቀናዋል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ ናሙና ሳይወሰድ የተጀመረ መድኃኒት ካንሰር ያለበትን ታካሚ ወራት ያስባክነዋል።

በመጀመሪያ የቀድሞ ራጅ ይፈለግ፤ ቤተሰቡ በፌስታል ጠቅልሎ ካስቀመጠው ፊልም ጋር ማስተያየት ምንም ወጪ የለውም። ለዓመታት ሳይለወጡ የቆዩ፣ ኖራ የመሰለ ንጣት ያላቸው ኖዱሎች በአብዛኛው የዳነ ሕመም ጠባሳ ናቸው።

ቀጥሎ መጠንና ሥርጭት ይታያል። ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሱና እኩል የሆኑ ነጠብጣቦች ሚሊያሪ ቲቢን፣ ማለትም በደም የተሠራጨ ቲቢን፣ ያሳስባሉ (ስያሜው ራሱ ዳጉሳን ከመሰለ ጥቃቅን እህል የመጣ ነው)፤ በዚህ ጊዜ አክታ ነጻ መሆኑ ቲቢ የለም አያሰኝም። መጠናቸው የተለያየና በታችኛው የሳንባ ክፍል የሚበዙ ከሆነ ከሌላ አካል የተሠራጨ ካንሰር ይታሰባል። ትኩሳት ባለበት ሰው መሃላቸው የተቦረቦረ ኖዱሎች ከታዩ ደግሞ ከተመረዘ የልብ ቫልቭ የተነሳ ሊሆን ስለሚችል፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይወሰድ።

የአካል ምርመራው ከደረት ባሻገር አንገትን፣ ብብትን፣ ጡትንና፣ ብዙ ጊዜ በይሉኝታ የሚዘለለውን የዘር ፍሬ ማካተት አለበት። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ደም ያላቆመላት ወጣት ሴት የእርግዝና ሆርሞን ምርመራ ሳይደረግላት መታለፍ የለባትም፤ ከእንግዴ ልጅ የሚነሳው ካንሰር ወደ ሳንባ ቢሠራጭም በኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ ይድናልና።

የኤችአይቪ ምርመራ ለሁሉም ይደረግ፤ አክታም ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርምን ዘረመል ለሚፈልግ ፈጣን ምርመራ) ይላክ። ይህ ካልለየ ናሙናው በቀላሉ ከሚገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከአንገት ንፍፊት፣ ይወሰዳል። ሳንባው ራሱ በመርፌ የሚወጋ ከሆነ ግን፣ በተለይ ከበግና ከውሻ ጋር በሚኖር ሰው ላይ፣ ጥላው ውኃ የቋጠረ የሃይዳቲድ (ከውሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚፈጥረው) ከረጢት አለመሆኑ በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ ከረጢቱ ከፈሰሰ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ያስነሳል።

የተወሰደው ሥጋ ለሁለት ይከፈል፦ አንዱ ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ) ሥጋው እንዳይበሰብስ በሚጠብቀው ኬሚካል በፎርማሊን፣ ሌላው ለካልቸርና ለጂን ኤክስፐርት በንጹሕ ሳላይን (የጨው ውኃ)። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ባክቴሪያው ስለሚሞት፣ ካልቸር ለማድረግ ታካሚውን እንደገና መውጋት ግድ ይሆናል።