ብርድ መታው ወይስ እኛ አፈንነው?

ክረምት ላይ የአራስ ቤት ወጉ የታወቀ ነው። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይደፈናል፣ ከሰል ይቀጣጠላል። ልጁ አንዴ ካስነጠሰማ ፍርዱ አይቀርም፦ «ብርድ መታው!» እኔም የበኩር ልጄን የወለድኩት ሐምሌ ላይ ነው። በዚያ ክረምት ካስጨነቁኝ ነገሮች ግማሾቹን ያመጣቸው ብርዱ ሳይሆን የብርዱ ፍራቻ ነበር።

አፍንጫው ተደፍኗል፣ ጡት ይዞ ይለቃል

ጨቅላ ልጅ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። ስለዚህ ትንሽ ንፍጥ እንኳ ጡት ያስጥለዋል። የእጣንና የከሰል ጭስ ደግሞ ያባብሰዋል። ከፋርማሲ የአፍንጫ ሳላይን (የጨው ውሃ ጠብታ) ግዙ፤ ከመጥባቱ በፊት በየቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ አድርጉና የወጣውን በንፁህ ጨርቅ ጥረጉ። ቅቤ ጠብ ማድረግ ግን ይቅር፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቪክስም ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ማስነጠሱ ብቻውን ከሆነ አትደንግጡ፤ አፍንጫውን እያፀዳ ነው።

ሰውነቱ ይፋጃል፣ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጥቷል

መጀመሪያ ልብሱን ቁጠሩ። የኔ ልጅ አንድ ቀን ሹራብ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ ለብሶ አገኘሁት፤ አያቱ ናቸው፣ ምን ይባላል! እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ አይግረማችሁ፣ የጨቅላ ነገር ነው። መዳሰስ ያለበት ደረቱና ማጅራቱ ነው። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ቢጨመርለት ይበቃዋል። ልብስ ቀንሱለትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ብብቱ ላይ ለኩ። ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ የልብስ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ይየው። ሲተኛም በጀርባው፣ ፊቱ ሳይሸፈን።

ደረቱ ሳይቀር ቀዝቅዟል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገላው ነው። እንደተወለደ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይታጠብ ይቆይ። ከዚያም በኋላ እኩለ ቀን ላይ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ፎጣው ተዘጋጅቶ ይታጠብ። ከቀዘቀዘ ከእናቱ ገላ የሚሻል ማሞቂያ የለም፦ ዳይፐርና ቆብ ብቻ አድርጎ ደረቷ ላይ ይለጠፍ፣ ከላይ ጋቢ ይደረብ፣ ይጥባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልሞቀ ወደ ሐኪም ነው።

እናቱን ራሷን ያማታል፣ ያዞራታል፤ ልጁም ፈዟል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዘመድ «አራስ ናት፣ ደክሟት ነው» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ከሰል ካለ ግን ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። ከሰል ከሚያወጣቸው ጋዞች አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። «ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» የሚለው ነገር ሰው የሚያታልለው ለዚህ ነው። ጭሱ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ወዲያው ሁለቱንም ወደ ውጭ አውጡ። ቢሻላቸውም ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ከሰል እንደነበረም ተናገሩ። ቡናው ሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ። አልጋው ከቀዘቀዘ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ አሙቁት፤ ልጁ ሲተኛ ጠርሙሱ ይነሳ።

ጠያቂ በመጣ ማግስት ሳል ጀመረው

የሚያስል ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ከበር ይመለስ። ቢቀየምም ይቀየም። የገባውም እጁን ይታጠብ፣ ልጁን አይሳም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ያለው ክትባት ደግሞ ዝናብ ነው ተብሎ አይዘለል። የሳንባ ምች መከላከያው እዚያ ውስጥ ነው።

ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል

ተኝቶ ሳለ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ የጨቅላ ትንፋሽ ወጣ ገባ ስለሚል ግማሽ ደቂቃ አይበቃም። 60 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ደግማችሁ ስትቆጥሩም ያው ከሆነ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው አይነጋም፤ በዚያው ሌሊት ሂዱ። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። መድማትና መመርቀዝ እንጂ ሌላ የሚያመጣው የለም። በመንገድ ላይ ልጁን እናቱ ደረቷ ላይ ትያዘው፣ ጋቢው ከላይ፣ አፍንጫው ግን ክፍት።