የኋላ ዲፈረንሻል ማሻሻል፦ ሬሾ መምረጥ፣ ኮሮናና ፒኞን መግጠም

ሞተሩን ሳይነኩ የአሮጌ መኪናን አነሳስ በደንብ የሚለውጥ አንድ ነገር ቢኖር የዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ቤት) ሬሾ ነው። ዕቃውን ገዝቶ መበተን ቀላል ነው። ችግሩ ያለው መልሶ ሲገጠም ነው፤ በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ስህተት ወይ ጥርሱን ያበላሻል፣ ወይ ዲፈረንሻሉን ዕድሜ ልኩን ያስጮኸዋል። ዲፈረንሻሉን እንደ ነገሩ ለሚገጥም ሰው ይህ ሥራ አይሆንም።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ሬሾ ማለት የኮሮናው (ትልቁ ክብ ጥርስ) የጥርስ ብዛት ለፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) የጥርስ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፦ 41 ለ11 ሲካፈል 3.73፣ 41 ለ10 ሲካፈል 4.10። አሁን መኪናዎ ላይ ያለውን ለማወቅ ሽፋኑን መክፈት የግድ አይደለም። ካምቢዮውን ነጻ አድርጉ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማ ከመሬት አንሱ፣ አንዱን ጎማ አጥብቃችሁ ያዙና ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ ፕሮፔለር ሻፍቱ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) የዞረው ዙር ብዛት ሬሾው ነው፤ ሦስት ዙርና ከሩብ በታች ከዞረ 3.08 አካባቢ ነው ማለት ነው።

205/60 R15 ጎማ በአንድ ዙር 1.97 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በደቂቃ 846 ጊዜ ይዞራል። የመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ ከሆነ ሞተሩ በ3.08 በደቂቃ 2,600፣ በ3.73 3,150፣ በ4.10 3,470 ዙር ገደማ ይዞራል። ከ3.08 ወደ 3.73 መሄድ ጎማ ላይ የሚደርሰውን ጉልበት በ21 በመቶ ይጨምራል፤ የሞተሩንም ዙር በዚያው ልክ ያንረዋል። አምስተኛ ማርሽ የሌለው መኪና ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ ከ3.73 በላይ አትውጡ። 4.10 ከተማ ውስጥ ቢያስደስትም አውራ ጎዳና ላይ ጆሮ ያሰለቻል፣ ነዳጅም ይበላል። 0.80 ገደማ የሆነ አምስተኛ ማርሽ ካለ ግን 3.73 በ100 ኪሎ ሜትር 2,500 ዙር ገደማ ብቻ ስለሚያስዞር በልበ ሙሉነት ይመረጣል።

የፍጥነት መለኪያው ከካምቢዮው የሚነዳ ከሆነ ከለውጡ በኋላ ይዋሻል፤ ከላይ ባለው ምሳሌ መኪናው በትክክል 100 ሲሄድ 121 ያሳያል። የመለኪያውን ትንሽ ጥርስ አብራችሁ ግዙ።

የሚገዛው ዕቃ

ተራው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን ሁሉ ለእሱ ይሰጣል። የዲፈረንሻሉ ቤት አንዴ ከተከፈተ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ጉልበት የሚያደርስ ዓይነት) ማስገባት ተገቢ ነው። በፍሪሲዮን የሚሠራው ዓይነት በጊዜ ይበላል፣ ለዘይቱም ልዩ ጭማሪ ይፈልጋል። በሄሊካል ጥርስ የሚሠራው የሚበላ ፍሪሲዮን የለውም፣ ድምፅም አያወጣም፤ ለመንገድ መኪና የምንመርጠው እሱን ነው። ድክመቱ አንዱ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ጉልበት ማስተላለፍ ማቆሙ ነው። ሁለቱን ጎማ ጨርሶ አንድ አድርጎ የሚያስረው ዓይነት በደረቅ አስፋልት ጥምዝ ላይ ጎማና አክስል ስለሚበላ ከመንገድ መኪና ይራቅ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የአክስሉ ጫፍ የጥርስ ብዛት፦ የፎርድ 8.8 ኢንች ዲፈረንሻል ለምሳሌ በ28ም በ31ም ጥርስ አክስል ይመጣል። ሁለተኛ፣ ኮሮናው የሚታሰርበት የውስጥ ቤት፦ በአንዳንድ ዲፈረንሻል ዝቅተኛና ከፍተኛ ሬሾ የተለያየ ቤት ይፈልጋሉ፤ በጄኔራል ሞተርስ 8.5 ኢንች ላይ መለያው ከ2.56 ወደ 2.73 ሲኬድ ነው።

ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አብረው የተሞረዱ ጥንዶች ናቸው፤ ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ካልተመሳሰለ ለሻጩ መልሱ። ከእነሱ ጋር የፒኞንና የጎን ኩሽኔታዎች ከነውጭ ቀለበታቸው፣ ፓራዮሊዎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱት)፣ በፒኞን ኩሽኔታዎቹ መካከል የሚገባው የሚጨመቀው ቱቦ፣ የፒኞን ዳዶ፣ የኮሮና ቡሎኖች፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሺሞች (ክፍተት ለማስተካከል የሚገቡ ስስ ብረቶች)ና የጥርስ ቀለም ያስፈልጋሉ። ከመሣሪያ ደግሞ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ)፣ ማይክሮሜትር፣ ፕሬስ፣ አንድ ትልቅ ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)ና አንድ ትንሽ፣ በመርፌ የሚያሳይ።

መበተን

መኪናውን በክሪክ ብቻ አታቁሙ፤ በጠንካራ ብረት ይደገፍ፣ የፊት ጎማዎች ይታገዱ። ዘይቱን ስታፈሱ በደንብ እዩት፤ የብረት ስብርባሪ ካለ ቤቱና የአክስል ቱቦዎቹ በሙሉ መታጠብ አለባቸው። የጎን ኩሽኔታ መያዣ ቆቦችን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ብላችሁ በነጥብ ምልክት አድርጉ። ከቤቱ ጋር አብረው ስለተሞረዱ ከተለዋወጡ ኩሽኔታውን ያጨማድዱታል። ከየጎኑ የወጣውን ሺም ለየብቻው አስቀምጡ።

አዲሱን ኮሮና ወደሚታሰርበት የውስጥ ቤት በቡሎን እየጎተታችሁ አታስገቡ፣ ያጣምመዋል። 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ሰፍቶ በእጅ ይገባል፤ በእሳት ነበልባል ግን አይሞቅም። የቡሎኖቹን ቀዳዳ አጥሩ፣ ማጣበቂያ ቀቡ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል በቶርክ እሰሩ። በአንዳንድ ዲፈረንሻል የኮሮናው ቡሎን ጥርስ ወደ ግራ የሚጠብቅ ስለሆነ ከመታገል በፊት ማየት ይጠቅማል።

ማስተካከል

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ከአሮጌው ፒኞን ኩሽኔታ አንዱን ወስዳችሁ የውስጥ ቀዳዳውን በትንሹ ሞርዱትና በእጅ የሚገባና የሚወጣ አድርጉት። አዲሱን ኩሽኔታ በፕሬስ እየነቀላችሁ ከማበላሸት ያድናችኋል። በአሮጌው ፒኞን ሥር በነበረው ሺም ጀምሩ። ፒኞኑን ያለ ቱቦው አስገቡ፣ ዳዶውን ኩሽኔታው ጫወታ (ልቅ መነቃነቅ) እስኪያጣ ብቻ አጥብቁ።

ኮሮናውን አስገቡና በዳያል ጌጅ በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል ያለውን ጫወታ ለኩ። የአምራቹ ቁጥር ይቀድማል፤ ለብዙዎቹ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ኮሮናውን በአራት ቦታ እያዞራችሁ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.05 ከበለጠ ኮሮናው ተጣሟል ወይም ሥሩ ቆሻሻ አለ። 0.10 ሚሊሜትር ሺም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዛወር ጫወታውን በ0.07 ገደማ ይለውጣል።

ከዚያ ጥርሱን ቀለም ቀቡ፣ ኮሮናውን በጨርቅ እየተጫናችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አዙሩት። አሻራው በጥርሱ ሥርና ጫፍ መካከል ካረፈ ጥሩ ነው። ወደ ሥሩ ከወረደ ፒኞኑ ጠልቋል፤ ወደ ጫፉ ከወጣ ርቋል። ሺሙ በፒኞኑ ራስና በኩሽኔታው መካከል በሚገባበት ዓይነት ሲወፍር ፒኞኑ ይጠልቃል፤ በፎርድ 9 ኢንች ላይ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ በ0.10 ሂዱ፣ ሲቃረብ በ0.05። ፒኞኑ በተነካ ቁጥር ጫወታው እንደገና ይለካል። አሻራው ከሺሙ ቁጥር ጋር ካልተስማማ አሻራውን እመኑ።

አሁን አዲሱን ኩሽኔታ በፕሬስ፣ የሚጨመቀውን ቱቦና ፓራዮሊውን አስገቡ። ቱቦው መጨመቅ የሚጀምረው ከ270 ኒውተን ሜትር በላይ ባለ ኃይል ስለሆነ ፕሮፔለር ሻፍቱ የሚታሰርበትን የፒኞን ማያያዣ በረጅም ብረት ያዙት። ከጀመረ በኋላ ዳዶውን በጥቂቱ እያዞራችሁ ፒኞኑን ለማዞር የሚጠይቀውን ኃይል በትንሹ መፍቻ ለኩ፤ ለአዲስ ኩሽኔታ 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው። ካለፋችሁ ዳዶውን ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ ቱቦው ተጨምቆ ቀርቷል፣ አዲስ ይግባ። ኮሮናው ከገባ በኋላ ጫወታውንና አሻራውን ለመጨረሻ ጊዜ እዩ።

ዘይትና መጀመሪያ ጉዞ

75W-90 ወይም 80W-90፣ ጂኤል-5 የሚል ደረጃ ያለው የዲፈረንሻል ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሙሉ። የቤቱን መተንፈሻ አጽዱ፤ ከተደፈነ ግፊቱ ፓራዮሊውን ያፈሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀስታ ንዱ፣ ግማሽ ሰዓት አቁማችሁ አቀዝቅዙ፣ ይህን ደጋግሙ። አዲስ ጥርስ ሲፋተግ በጣም ይሞቃል፤ ያለ ዕረፍት ከተነዳ ጥንካሬውን ያጣል። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ጭነት አትጎትቱ፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ።

ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ሲለቀቅ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የፒኞኑ ጥልቀት እንደገና ይታይ። ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም የማይቋረጥ ጉርምርምታ የኩሽኔታ ነው። ማርሽ ሲገባ የሚሰማ ጓ የሚል ድምፅ ከሆነ ግን ዲፈረንሻሉን ከመክፈታችሁ በፊት ክሮቼራውን (የፕሮፔለር ሻፍቱን መገጣጠሚያ) በእጅ ነቅንቁት፤ አዲሱ ሬሾ የቆየ ክሮቼራን ድካም ቶሎ ያወጣዋል።